ማኅተሙን ያጎረሰው እጅ

ሽማግሌው መዝጋቢ በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተከፍቷል። ደማቸው ከጠረጴዛው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ሲሚንቶው ወርዶ የበሩን ደፍ ተሻግሯል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ከሞቱም በኋላ ሲወቅጣቸው ቆይቷል፣ እጁ ይቆረጥና።

የገደላቸው ዕቃ ሩቅ አልሄደም። ደረቁ ማኅተም ነው፤ ቀለም የማይነካው፣ ወረቀት በመንጋጋው ነክሶ የመሥሪያ ቤቱን ክብ ምልክት አጉልቶ የሚያወጣ ባለ እጀታ ከባድ ብረት። ፀጉርና ደም እንደተለጠፈበት ከክርናቸው አጠገብ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ስትጠይቅም ትወጋለች። ሬሳውን ያየችው ባጭሩ ነው። ብረቱን ግን እንደ ጥርስ ሐኪም አፉን ከፍታ አየችው። በመንጋጋው መካከል ታጥፎ የገባ ብጣሽ ወረቀት አለ። ባዶ ነው፤ ፊደል የሚባል የለበትም። ከውጭ ደም ተቀብቷል፣ እጥፋቱ ውስጥ ግን ንጹሕ ነው።

«ይኼን እዚህ ማን ከተተው?» አለች።

ምክትል መዝጋቢው ግድግዳ ተደግፎ ሲያስመልስ ቆይቶ አፉን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ እንጃ። እኛ እንዲህ አናደርግም። ስንጨርስ በሰንሰለት አስረን እንቆልፈዋለን፣ አለቀ።»

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ጡረታ ይውጡ ብዬ ነው። ወንበሩን ፈልጌው ነበር፤ ምን ልደብቅዎት። ግን እንዲህ አይደለም የፈለግኩት። በዚህ ደም ላይ ማን ይቀመጣል?»

ኮሪደሩ ላይ ሁከት ተነሣ። የእጅ ሰንሰለት የገባላት ወጣት ሴት ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ደም ነው። ጥበቃው ሬሳውን አቅፋ ስላገኛት እጅ ከፍንጅ ያዝኩ ብሎ ጎትቷታል፤ አጎቷ ደግሞ የጎታቹን አፍንጫ በቡጢ ሰብሮታል። አሁን ሁለት ፖሊሶች አጎትየውን መሬት ላይ ተጭነውታል።

«እህቴ እየሞተችብኝ ልጇን ታስራላችሁ?» ይላል፣ ጉንጩ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፎ።

«ባለፈው መዝጋቢውን ‹ወረቀቱን ካልሰጠሃት እደፋሃለሁ› ብለዋቸዋል፤ ሰው በተሰለፈበት» አለችው መርፌ።

«ብያለሁ። አፌ ጌታ የለውም። እጄ ግን ያንን ጥበቃ ነው የመታው፣ ሌላ ሰው አልመታም።»

መርፌ ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «ንገሪኝ፣ የኔ እህት።»

«የእናቴ ኩላሊት ሁለቱም ሥራ አቁሟል። የእኔ ይስማማታል አሉ ሐኪሞቹ፤ ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ግን ኩላሊት የሚሸጥ በዝቷልና፣ ልጇ መሆንሽን የሚያሳይ የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ አንነካሽም አሉኝ። ይኼ ቢሮ ወረቀቱን ይሰጣል፣ የላይኛው ቢሮ ያረጋግጣል። ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አባባ፣ መዝጋቢው፣ በሰጡኝ ቁጥር ላይኞቹ ‹ማኅተሙ ሐሰተኛ ነው› ብለው ይመልሱኛል።»

«ዛሬስ?»

«አባባ ተቆጡ። ‹እኔ ራሴ የመታሁት እንዴት ሐሰተኛ ይሆናል? ላይኛው ቢሮ ደውያለሁ፤ ነገሩን ዛሬ ከሥሩ እነቅለዋለሁ› አሉ። ውጭ ጠብቂ አሉኝ፣ ጠበቅኩ። ሲቆዩብኝ ገባሁ። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቀና ላደርጋቸው ስል ጭንቅላታቸው…» እጇን አየች።

መርፌ የልጅቷን የእጅ ሰንሰለት አየች። ግን በአንጀት ሰው አይፈታም፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የተመለሰውን ወረቀት ከልጅቷ ተቀብላ ወደ ላይኛው ቢሮ ሄደች።

እዚያ የሚያረጋግጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው ሴት ቀና ለማለት ጊዜ የላትም፤ ሰልፉ ደረጃውን ሞልቶታል። ከኋላዋ በመስታወት ክፍል ውስጥ አለቃዋ፣ ዋናው አረጋጋጭ፣ ሽቶ ሽቶ እያለ ተቀምጧል። የሸሚዙ ደረት ላይ ከካርቶን ሲወጣ የነበረው እጥፋት ገና አልተቃናም።

«የልጅቷን ወረቀት የመለሱት እርስዎ ነዎት?» አለቻት የመስኮቷን ሴት።

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ የመጣችው አለቃዬ ታመው የቀሩ ቀን ነው። እሳቸው ከሰጡኝ የማኅተሙ ናሙና ቅጂ ጋር አስተያየሁት፣ አልገጠመም። ደጋግማ መጣች፣ ያው ነው።»

«ዛሬ ከታችኛው ቢሮ ተደውሎልዎት ነበር?»

«ስልክ የማነሣበት እጅ የለኝም» አለች ሴትዮዋ፣ የሚቀጥለውን ሰው እየጠራች። ሰልፈኞቹም ከጠዋት ጀምሮ ከወንበሯ እንዳልተነሣች መሰከሩላት፤ እንዲያውም እንዳትነሣ ሲጠብቋት ነው የዋሉት።

ዋናው አረጋጋጭ የሞቱን ወሬ ሲሰማ ከንፈሩን መጠጠ። «ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበሩ።»

«መቼ አዩዋቸው?»

«ታች ከወረድኩ ዓመት አልፎኛል።»

«የማኅተማቸውን ናሙና ያሳዩኝ።»

ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ሣጥኑን ከፈተ። «ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም» አለ እየኮራ።

መርፌ ናሙናውን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ቀጥላ የልጅቷን ወረቀት ዳበሰች። ስትወጣ አንዱን ፖሊስ ሹክ ብላው ወደ መኪና ማቆሚያው ላከችው፤ የላይኛውን ቢሮ ደረቅ ማኅተም ደግሞ ተዋሰች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው መዝገብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ደሙ ግን ገና ጫማ ሥር ይጣበቃል።

«አንድ ውለታ ዋሉልኝ» አለች። «ከላይኛው ቢሮ ባመጣሁት በዚህ ማኅተም አንድ አንድ ወረቀት ምቱልኝ። ከእርስዎ እንጀምር።»

ዋናው አረጋጋጭ ሳቅ አለ። ወረቀት አስገባ፣ እጀታውን ተጫነ፣ አወጣው። «ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት፤ መቼ ነው የምንለቀቀው?» እያለ ብጣሽ ወረቀት ቀዶ አጠፈና ብረቱ አፍ ውስጥ ሸጎጠው።

የመስኮቷ ሴትም እንዲሁ አደረገች። ምክትሉ መታና እጁ ሰንሰለት ፍለጋ ሄደ። አጎትየው የገዛ ጣቱን አስነክሶ ተሳደበ። ልጅቷ ብረቱን ልታየው እንኳ አልቻለችም፤ መርፌም አላስገደደቻትም።

«ወረቀቱን ለምንድን ነው የምታጎርሱት?»

የመለሰችው የመስኮቷ ሴት ናት። «ጥርሱ እርስ በርሱ ተፋጭቶ እንዳያልቅ። እኛ ቢሮ ሁላችንም እንደዚያ ነን፣ ልማድ ነው።»

የአለቃዋ ፊት አመድ ለበሰ።

«ሽማግሌውን የገደለው ሰው» አለች መርፌ፣ «እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር፤ አሻራ የለም። ብረቱን አስቀመጠና ወረቀት አጎረሰው። ወረቀቱ ላይ ያለው ደም ከላይ የተቀባ ነው፤ ስለዚህ የገባው ከግድያው በኋላ ነው። ታችኛው ቢሮ ይኼ ልማድ የለም። አጎትየው ማኅተም ይዞ እንደማያውቅ ጣቱን አይታችኋል። ልጅቷ ሬሳውን ያነሣችው በባዶ እጇ ነው፤ ወረቀቱን ነክታው ቢሆን አሻራዋ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ከላይ የመጣ ነው። እናንተ ሁለት ናችሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ነበረች፣ ስልክም አላነሣችም። ያነሡት እርስዎ ነዎት።»

«ሽማግሌ ገድዬ ምን ላተርፍ?»

«የሟቹ ማኅተም ጠርዙ ላይ አንድ ጥርስ ጎድሎታል፤ ጣት ያውቃታል። እርስዎ የቆለፉበት ናሙና ግን ሙሉ ነው። ማኅተሙን አስመስለው አስቀርጸዋል። በሐሰተኛው ማኅተም ኩላሊት ሻጩን የገዢው ልጅ እያደረጉ የልደት ወረቀት ይሠራሉ። መስኮት ላይ ያለችው እንዳትነቃብዎ ናሙናውንም በሐሰተኛው ተኩት። እውነተኛው ወረቀት ሲመጣ ራስዎ ተቀብለው ያሳልፉታል። የታመሙ ቀን ግን የዚህች ልጅ ወረቀት እሷ እጅ ገባ። እሷ የመለሰችውን እርስዎ ቢያሳልፉ ጉድዎ ይወጣል። ሽማግሌው ናሙናውን ይዘው ይምጡ ብለው ደወሉ፤ እርስዎም መጡ።» ትንፋሽ ወሰደች። «በደም የራሰው ሸሚዝ ከመኪናዎ ወንበር ሥር ወጥቷል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ሰው ገድለው እንኳ ለብረቱ ጥርስ አሰቡለት።»

ሰውየው ማኅተሙን ነጥቆ ልጅቷ ፊት ላይ ሰነዘረው። አጎቷ መሐል ገባ። ብረቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ሊደግም ክንዱን ሲያነሣ መርፌ ጉልበቱን ከጎን በእርግጫ መታችው፤ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ምክትሉ የታችኛውን ቢሮ ማኅተም ሰንሰለት ከጠረጴዛው አንሥቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመበትና ወደ ኋላ ሳበ። ዓይኑ እስኪፈጥ፣ ምላሱ እስኪወጣ ሳበ። ያ ትናንት ወንበሩን የፈለገው ሰው አሁን «አባቴ ነበሩ፣ ሥራ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው» እያለ ያለቅሳል።

«በቃ» አለች መርፌ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች። «ልቀቀው። በሕይወት ነው የምፈልገው።»

አጎትየው በቃሬዛ ሲወጣ «ወረቀቷስ?» ብቻ ነው ያለው።

ሽማግሌው የተገደሉበትን ማኅተም ፖሊሱ በላስቲክ ጠቅልሎት ነበር። «ኤግዚቢት ነው፣ አይነካም» አለ።

«ደሙም ፀጉሩም ለምርመራ ተወስዷል። አንዴ ይመታና ከዚያ አሽገው፤ እኔ እፈርምበታለሁ። ሌላ ማኅተም የለም፣ እሷም ሌላ እናት የላትም።»

ምክትሉ አዲስ ወረቀት አዘጋጅቶ መታው። የመስኮቷ ሴት በቆመችበት አረጋግጣ ፈረመች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አለች። ከሰንሰለቷ የተፈታችው ልጅ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዞረችው፤ ጎደሎዋ ጥርስ ጋ ስትደርስ ቆመች። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉ ጸሐፊ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ልጇ ነሽ?»

«ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ደም በመዳፏ ሸፍና።

በሩን ከፈቱላት።