የሃስኬል በር

«ንገሪው እንጂ!» አሉ ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ የኖራውን ባልዲ መሬት ላይ እያስቀመጡ። «ይሄ መሬት ቴክሳስ የሜክሲኮ ሳለች የአያቴ ነበር። የአያቴን መቃብር ለማየት ሌባ ማስፈቀድ አንገሽግሾኛል በይው!»

ሱሌማ ቢጫ አበባ ታቅፋ ወደ በሩ ተጠጋች። አያቷ ዶን ኤሌውቴሪዮ እንግሊዝኛ አያውቁም። እሷ ቋንቋውን ትምህርት ቤት ከለመደች ወዲህ፣ በየዓመቱ፣ የዘመድ መቃብር በሚጎበኝበት በሙታን ቀን፣ እዚህ የብረት በር ላይ ቆማ የምታስተረጉመው እሷ ናት። ከበሩ ወዲያ መሬቱን የያዘው ሚስተር ሃስኬል ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ይጠብቃል። ከጀርባው፣ ከቁልቋሉ መሃል የሱሌማ ቤተሰብ የመቃብር መስቀሎች ይታያሉ።

«ስለ ደግነትዎ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ» አለችው በእንግሊዝኛ።

እንደ ሁልጊዜው። ምን ታድርግ? እውነቱን ብትናገር በሩ አይከፈትም፤ መቃብሩም ኖራና አበባ አያገኝም። አያቷ ደግሞ፣ ምስኪን፣ ሁሉም የተነገረላቸው ይመስላቸዋል። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ሌባ ነው፤ ግን ወንድ ነው። ፊት ለፊት ስሰድበው ሰምቶ ይከፍትልኛል» ይላሉ። ያኔ ሱሌማ ፊቷን ወደ መኪናው መስኮት ታዞራለች።

ሃስኬል ፈገግ አለ። «ጨዋ ሽማግሌ! አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም። መቼም ቅር አይለውም፤ በሚቀጥለው ወር ያንን ቦታ አርሼ ጥጥ ልዘራበት ነው። ዛሬ ሙታኑን ይሰናበታቸው።»

ሱሌማ ክው አለች።

«ምን አለ?» አሉ አያቷ።

«ሊያርሰው ነው፣ አባባ። መቃብሩን።»

ሽማግሌው በሩን ጨበጡ። «ያን ሁሉ ስነግረው ኖሬ? ሰምቶኝ ነው እንዲህ የሚለው?»

ሱሌማ ወደ ሃስኬል ዞረች። «አያቴ አመስግነውዎት አያውቁም» አለች። «ሌባ ነህ ነው የሚሉዎት። በየዓመቱ! እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

የሃስኬል ፈገግታ ጠፋ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ከዚህ በር ያለፈ ሰው ይተኮስበታል። ይህንንም አስተርጉሚለት» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ምን አልሽው?»

«የእርስዎን ቃል ነገርኩት።»

«እስከ ዛሬስ?»

ሱሌማ አቀረቀረች። ዶን ኤሌውቴሪዮ እጃቸውን ከበሩ አነሱ። ከዚያ ወደ አሮጌው መኪናቸው ሄደው ገቡና የመኪናውን በር ዘጉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ቢጫውን አበባ በብብቷ ሸጎጠች። ባልዲውን በሽቦ አጥሩ ስር ገፍታ አሳለፈችና ተከትላ በደረቷ ተሳበች። ሽቦው ቀሚሷን ያዘው።

«ሱሌማ! ነይ ተመለሺ!» አሉ አያቷ ከመኪናው።

ቀሚሷን ከሽቦው ነጠቀችው፤ ተቀደደ። ባልዲውን አንስታ ወደ መስቀሎቹ ሄደች።