ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ የይመር ልጆች

አንባቢ ሆይ፣ አባትህ ስንት ልጅ ወልዷል? እርግጠኛ ነህ? ምለህ ትናገራለህ?

አስካለ ይመርም እርግጠኛ ነበረች። ለአባቷ አንድያ ልጅ ናት። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ወንድምና እህት እንዳላት በስድሳ ሦስት ዓመቷ የነገራት መኪና ነው፤ ያውም ከቪየና ወጣ ብሎ ባለ የመንገድ ዳር ማረፊያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛችውን ዳቦ ገና በልታ ሳትጨርስ።

መኪኖች መሪ አልባ ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፏል። ሰው ይገባል፣ የሚሄድበትን ይናገራል፣ ያንቀላፋል። አስካለ ግን ለሦስት ወር የተከራየችው «ባለመሪ» የሚባለውን፣ በእጅ የሚነዳውን የመጨረሻውን ዓይነት ነው። ወልዲያ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። «ዳንዩብ ከጀርመኑ ጥቁር ደን ተነሥቶ፣ አሥር አገር አቋርጦ፣ ጥቁር ባሕር ይገባል» እያለች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ስትስለው ኖራ፣ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አይተውታል?» አለቻት። ክፍሉ ሳቀ። አስካለ አልሳቀችም። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ወንዙን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ብቻዋን፣ በገዛ እጇ እየነዳች ልትከተለው መጣች። አሁን ሁለተኛው አገር ላይ ናት። ስምንት ይቀራታል።

«ወይዘሮ ይመር» አለ መኪናው፣ መሪው እንደ ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ። «በቤተሰብዎ ላይ በደረሰ አደጋ ምክንያት ጉዞዎ ታግዷል።»

ዳቦው ከእጇ ወደቀ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ወንድምዎ ኑሩ ይመር ሊዝበን ላይ ከግንብ ጋር ተጋጭተዋል።»

«እኔ ወንድም የለኝም! ደግሞ ወይዘሮ ይመር አትበለኝ። ይመር አባቴ ነው። እኔ አስካለ ነኝ።»

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ ወንድሞችና እህቶች አሉዎት፣ ወይዘሮ ይመር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬልታ የተባለው አከራይ ድርጅት «ዘመድ መዛኝ» የሚለው ፕሮግራም አለው። ይህ ፕሮግራም የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ተከራዮችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ቤተሰብ አድርጎ ይቆጥርና የአንዱን ጥፋት በሁሉም ላይ ይጽፋል። በእኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት መሆኑን የነገረው የለም፤ ወይም የነገረውን የሰማ የለም። ስለዚህ ከወሎ የወጣውን ይመር ሁሉ አንድ ሰው አደረገው። የታገደ መኪና የሚለቀቀው «የቤተሰቡ ታላቅ» ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፈቃዱ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ መኪናው ራሱን ወደ ጋራዥ ይመልሳል፣ ውሉ ይፈርሳል፣ ወንዙም እዚያው ይቀራል።

መኪናው ታላቁን ጠራ። የፊት መስተዋቱ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፊት ብቅ አለ። ሑሴን ይመር ይባላሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሮተርዳም ውስጥ መርከብ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«አንቺ ደግሞ የቷ ነሽ?» አሉ ማንኪያቸውን እንደያዙ።

«አስካለ። የመርሳው ይመር ልጅ።»

«የኔው የወረኢሉው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰባተኛዋ እህቴ ነሽ። አባታችን መቼም እግሩ አላረፈም!»

አስካለ ሳትወድ ሳቀች።

«አብሽሪ» አሉ። «ፈቅጃለሁ እላለሁ፣ ትሄጃለሽ። ስድስቱንም እንዲሁ ነው የሸኘኋቸው።»

«እንዳይሉ!»

«ምነው?»

«ዛሬ ፈቀዱልኝ ማለት ነገ ሊከለክሉኝ ይችላሉ ማለት ነው። አይቀየሙኝ ጋሽ ሑሴን። ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሂጂ ቅሪ ብሎኝ አያውቅም። በስም የተገኘ ወንድም ፈቃጄ አይሆንም።»

«ግትር! እውነትም የይመር ልጅ ነሽ። ታዲያ ዘመዴ አይደለችም ልበል?»

«ዝምድናው ከተካደ ውሉ በማጭበርበር ይሰረዛል» አለ መኪናው ጣልቃ ገብቶ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።»

«ይሄ ብረት ይሰማናል እንዴ?»

«ይስማ!» አለች አስካለ።

ከመንገዱ ማዶ፣ በዛፎቹ መካከል፣ ዳንዩብ ይታያል። «ፈቅጃለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብትውጥ ወደ ባሕሩ ትነዳለች። አልዋጠችም። ይልቅ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ እንደምታፋጥጥ መኪናውን አፋጠጠችው።

«አንተ፣ ታላቅነት የሚገኘው በምንድን ነው?»

«በዕድሜ። ወይም ታላቁ በቃሉ ለሌላ ሲያስረክብ።»

ሑሴን ማንኪያቸውን ወረወሩት። «ይሄን ደብቆኝ ነው ከጠዋት ጀምሮ ሾርባዬን የሚያቀዘቅዘው? እታለም፣ ተረከቢኝ! የይመር ቤት ታላቅ አስካለ ናት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ታናሽ ነኝ።»

መሪው ወጣ።

መስተዋቱ ላይ ግን የስም ዝርዝር ፈሰሰ። ወረፋ ይዘው ፈቃድ የሚጠብቁ ዘጠና ሦስት የይመር ልጆች በየመንገዱ ቆመዋል። ማልሞ ላይ አንዲት አዋላጅ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ለመድረስ ስትሄድ ታግዳለች። አስካለ እጇን መሪው ላይ እንዳሳረፈች፣ «ሁሉንም ልቀቅ» አለች። ቀጥላ ሊዝበን ደወለች።

«ኑሩ፣ አስካለ ነኝ። ተጎድተሃል?»

«አልተጎዳሁም» አለ የወጣት ድምፅ። «ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እናንተን ሁሉ አስቆምኩ፤ አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብለናል። ምሳ ብላ።»

አዋላጇም ቆየት ብላ «ደረስኩ፣ እህት ዓለም» ብላ ጻፈች። አስካለ ብቻዬን ልሁን ብላ የመጣች ሴት ናት። ማሽኑ በስሕተት የቆጠረውን ዝምድና እሷና እነዚህ ሰዎች፣ ስሕተት መሆኑን እያወቁ፣ ወደው ተቀበሉት። ቁጣዋ ግን በዚህ አልበረደም፤ ይልቁንም አሁን የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ቁጣ ሆነ። የቤተሰብ ታላቅ በቬልታ የሕዝብ ሰሌዳ ላይ፣ ማንም ሊያነሣው የማይችል አንድ መልእክት የመለጠፍ መብት አለው። አስካለ ሞተሩን አስነሣች፣ ወንዙን በቀኟ አድርጋ ወደ ምሥራቅ እየነዳች ለመኪናው ቃል በቃል አጻፈችው፦

«እኛ የይመር ልጆች እንጠይቃለን። ማሽናችሁን አንከስም፤ የተሰጠውን ቅጽ ሞላ እንጂ ምን አደረገ? ቅጹን ያዘጋጀው ግን ሰው ነው። የአባታችንን ስም አይቶ ማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ቤተሰብ ብሎ የጻፈ፣ ለስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ፈቃጅ የሾመ፣ አዋላጅ መንገድ ላይ ያስቆመ ሰው አለ። በማሽን ድምፅ ይቅርታ እንዳትልኩልን። አንተ ሰው፣ ከቢሮህ ውጣ፤ ሁላችን በምናይህ አደባባይ ቁም፤ ስምህን ከነአባትህ ጥራና መልስ!»