ኋላ ያለኸው፣ ትሰማለህ?

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ከክፍሉ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ሰው "ድምፅ ሰማሁ" ሲለኝ "እንቅልፍ ጎድሎህ ነው" ብዬ አልፈዋለሁ፣ አክስቴ እንኳ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ስታወራ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ተቀይማኛለች፣ ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም፣ የደረሰብኝን ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ ከዚያ በኋላ እናንተ እንደመሰላችሁ።

እዚህ ስደት ላይ፣ ከከተማው ዳር ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የምግብ መጋዘን፣ ፍሪዘር በሆነ ትልቅ ክፍል ውስጥ ነበር የምሠራው። ጆሮዬ ላይ ሄድሴት፣ ማዳመጫና መናገሪያ ያለው፣ አለ፣ ወገቤ ላይ ከታሰረች ትንሽ መሣሪያ ጋር በሽቦ ይገናኛል፣ አንዲት የኮምፒውተር ሴት "መስመር አሥራ ሁለት፣ አራት ካርቶን" ትለኛለች፣ ጋሪው ላይ እጭንና "ሬዲ" እላታለሁ፣ ሌላ ታዘኛለች፣ ሺፍቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። እመኑኝ፣ ከእሷ በቀር ማንም ሳያናግረኝ ያለፈ ሳምንት ነበር። ሰንሻይን ዌስት ሰፈር ሼር የማደርገው ቤት ውስጥ ሌሎች ሰዎች አሉ፣ ግን ሺፍታችን ስለማይገናኝ የምንተዋወቀው ፍሪጅ ውስጥ በምናስቀምጠው ወተት ነው። አገር ቤት ስደውል "እንዴት ነህ?" ይሉኛል፣ "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ በዚያው ያልቃል።

ያን ቀን እሁድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ትንሽ ነው፣ እኔ ፍሪዘሩ ውስጥ ነኝ፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ሃርጂት ደግሞ ወጣ ገባ እያለ ውጭ የቆሙትን መኪናዎች ይጭናል። መጀመሪያ የሰማሁት ከሴትየዋ ድምፅ ሥር የሚመጣ ረጅም ጉርምርምታ ነው፣ የማቀዝቀዣው ፋን ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ መጣ፣ እዚሁ ጆሮዬ ላይ፣ ከባድ ትንፋሽ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ሳል። "ሬዲ" አልኩ። ሴትየዋ ዝም አለች፣ በእሷ ቦታ አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ፣ የዚህ አገር ሽማግሌዎች በሚናገሩበት ቅላፄ፣ ግን በወጣት ድምፅ፣ "ኋላ ያለኸው፣ ትሰማለህ?" አለኝ። ሃርጂት የቢሮውን ማይክ ይዞ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። "ሬዲ" ስል ሴትየዋ ተመለሰች፣ እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

ብዙም አልቆየ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ጎንበስ ብዬ ካርቶን ሳነሳ ከላይ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ የተቀደደ ጭነት ተንዶ ወረደብኝ። ስነቃ በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ካርቶን ሥር ነው፣ ብስበው ንቅንቅ አይልም። ጮህኩ፣ ግን ከፋኑ ጩኸት ጋር ማን ይሰማኛል? ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው። ብርዱ በመጀመሪያ ያቃጥላል፣ በኋላ ግን፣ ይኼ ነው የሚያስፈራው፣ እየጣፈጠ ይመጣል፣ ዓይኔን ልከድን ስል፦

"ኋላ ያለኸው፣ ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ!" አልኩ፣ "አለሁ! እግሬ ተይዟል፣ ሰው ላኩልኝ!"

"ጥሩ፣" አለኝ ሰውየው፣ "እንዳትተኛ ብቻ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ።"

ስለ እግሬ ምንም አላለም። ደግሜ ነገርኩት፣ ለመንኩት፣ "አለሁ" ከሚለው ቃል በቀር የምናገረው የሚደርሰው አይመስልም። ከእሱ ኋላ ሌሎች ድምፆች ነበሩ፣ አንዱ "ወንዙ ይታየኛል" አለ፣ እኔ የማውቀው ወንዝ ማሪቢርኖንግ ነው፣ እሱም እዚህ አጠገብ አይደለም፣ ሌላው "የመጨረሻው የወረቀት እሽግ ወጥቷል፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ" አለ። ጉርምርምታው የሞተር ነበር፣ ወለሉ ከጀርባዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።

ሰውየው በየመሃሉ ይጠራኛል፣ እኔም "አለሁ" እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በጣም በርዶሃል አይደል? ስንደርስ ሻይ የማፈላልህ እኔ ነኝ" አለኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ አለቀስኩ። እዚህ ከተማ ከመጣሁ በርዶህ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ማን ነው፣ ከየት ነው ማለቱን ተውኩት፣ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነው የፈራሁት፣ ሲጠራኝ እየተሻማሁ እመልስለት ጀመር።

አንዱ "ድምፁ ደከም ብሏል፣ ሄጄ ልየው?" ሲል ሰማሁ።

"ኋላ ያለኸው፣ ትሰማለህ?"

"አለሁ!"

"ተወው፣ ይመልሳል፣" አለ ሰውየው።

ሃርጂት ሲያገኘኝ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር አሉ። ካርቶኑን እየወረወረ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለኝ፣ "ከእነሱ ጋር፣ አትሰማቸውም?" አልኩት። ሄድሴቱን ከራሴ ላይ ሲያወልቀው ሰውየው እየጠራኝ ነበር። ሃርጂት ሽቦውን ይዞ ጫፉን አሳየኝ፣ ተበጥሷል። መሣሪያዋ ከእኔ ራቅ ብላ ካርቶን ሥር ተጨፍልቃ ነው የተገኘችው። ከዚያ ሄድሴቱን መሬት ላይ አስቀምጦ በእግሩ ገፋ አደረገው።

እግሬ ተረፈ፣ ሁለት የእግር ጣቶቼ ግን ተቆረጡ። ሐኪሟ እንቅልፍ ወስዶህ ቢሆን ኖሮ አትነቃም ነበር አለችኝ።

ሆስፒታል ሊጠይቁኝ የመጡት ጋሼ ታምራት ብቻ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፣ ስደት ቢያንከራትታቸውም ከአውሮፕላን ወሬ አልተላቀቁም። "ጋሼ፣ እንዳይስቁብኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልሳቁም።

"ወረቀት ነው ያሉት?" አሉኝ።

"አዎ፣ የወረቀት እሽግ።"

"ያ ሁለተኛው ትልቁ ጦርነት ሲጀመር፣" አሉ ጋሼ፣ "እንግሊዞች ጀርመን ላይ ቦምብ መጣል ከመጀመራቸው በፊት ወረቀት ነበር የሚበትኑት፣ 'አታሸንፉም፣ ተዉ' የሚል። የዚህ አገር ልጆችም አብረዋቸው ይበሩ ነበር። ክረምቱ የጉድ ነው፣ አውሮፕላኑ ማሞቂያው አይሠራ፣ ሰዎቹ እላይ ሆነው ይደርቃሉ። ተኳሹ ደግሞ ጭራው ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፣ ማንም አያየው። ኦክስጅን የሚተነፍስበትን ቱቦ በረዶ ከደፈነው እንቅልፍ እንደያዘው ይቀራል፣ ስለዚህ አለቃቸው በየጊዜው በሬዲዮ ይጠራዋል።"

"ካልመለሰስ?"

"ካልመለሰማ አንዱ ኦክስጅን ይዞ እየዳኸ ይሄድለታል፣ ብዙዎቹን ያተረፉት እንደዚያ ነው።"

ጋሼ ብርቱካን እየላጡልኝ ነበር፣ ቢላዋውን አቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

"እውነተኛው የኋላ ሰው ሲመልስ ግን ሰምተኸዋል?"

"አልሰማሁም፣" አልኳቸው፣ "የምመልሰው እኔ ነበርኩ።"

ብርቱካኑን አቀበሉኝና ስለ ጣቶቼ፣ ስለ ጫማ ያወሩኝ ጀመር፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ አዳመጥኳቸው። አሁን ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፣ እምድጃ አጠገብ ቆሜ እውላለሁ፣ ሙቀት ነው፣ ጫጫታ ነው፣ ሰውም አለ። ግን ሥራ ፈታ ሲል ያቺ ነገር ትመጣብኛለች፣ እኔ "አለሁ" ባልኩ ቁጥር ጭራው ላይ ብቻውን ለተቀመጠው ልጅ ኦክስጅን ሊያደርስ የተነሳው ሰው ተመልሶ ይቀመጥ ነበር።