ጀሞ ደርሶ መልስ ሃያ

«ኢያቄምን ሊወስዱብኝ ይሆን?»

ወይዘሮ ገበያነሽ ራሳቸውን ጠየቁ። ጎረቤታቸው ደምሰው ከላፍቶ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኝቷል። ትናንት ቀን ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኢያቄም ከእሱ ጋር በአጥር ወሰን ተጣልቶ «እገድልሃለሁ!» ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ኢንስፔክተር ትሕትና ከአንድ ፖሊስ ጋር ሳሎን ገባች።

«ማታ የት ነበርክ?» አለችው ኢያቄምን።

«ቤት። እቴቴ ታውቃለች።»

«አዎ፣ ቤት ነበር» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ተሽቀዳድመው። እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ግን ልባቸው ያውቃል።

«እርስዎስ፣ አቶ አባይነህ?»

አባይነህ የበኩር ልጃቸው ነው። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ተዝናንቶ ተቀምጧል።

«በፒካፑ ጀሞ ደርሼ መጣሁ። የነዳጅ ጠቋሚው ስለማይሠራ፣ በቀዳን ቁጥር ኪሎ ሜትሩን ዜሮ እናደርጋለን። እዚሁ ማደያ ቀድቼ፣ ዜሮ አድርጌ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነዳውም። ሃያ ነው የሚለው፤ ሄደሽ እዪው። ጀሞ ደርሶ መልስ ሃያ መሆኑን እማዬም ታውቃለች።»

ትሕትና ግቢ ወጥታ መኪናውን ዞረችው። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አዲስ ነው?»

«ሰሞኑን ነው የቀየርኩት» አለ ኢያቄም። «ኮረኮንቹ ሆዱን ሲፍቀው ጊዜ ትልልቅ ጎማ አሰርኩለት።»

«አንተ ልጅ፣ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ!» አሉ አያቱ፣ ነጠላቸውን እየጨመደዱ።

ትሕትና ቁጥሩን ፎቶ አነሳች። ከዚያ በዚያው ፒካፕ ከማደያው ዜሮ አድርጋ ተነስታ ራሷ ጀሞ ሄዳ ተመለሰች። ወይዘሮ ገበያነሽ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«ይግቡ፣ እማማ። ሁሉም ይቀመጥ።»

ተቀመጡ።

«መኪናው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው» አለች። «ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ጎማ ልክ ያስባል። ስለዚህ ርቀቱን አሳንሶ ያነባል። እኔ ጀሞ ደርሼ ስመለስ አሥራ ስምንት አለኝ።»

«መንገድ ተዘግቶ ዞሬ ይሆናላ!» ሳቀ አባይነህ።

«በየት በኩል?»

አባይነህ ወደ በሩ አየ፤ ትሕትና ቀጠለች።

«ሃያ መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ሰው፣ ሃያ እስኪል ድረስ መኪናውን ሲያዞረው አምሽቷል። ጎማው መቀየሩን ያውቃሉ፤ ቆጠራውን እንደሚያዛባ ግን አላወቁም። የካባው ጭቃ ላይ የእነዚህ ጎማዎች አሻራ አለ። ከማደያው ወዲህ የነዱት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ለምን? ደምሰው ምን አደረገው?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

«እማማ፣ አቶ አባይነህ ይህን ግቢ በሐሰተኛ ውክልና ሸጠውብዎታል። ደምሰው ደርሶበት ሊነግርዎ ነበር፤ ሚስቱ አጫውታኛለች።»

ወይዘሮ ገበያነሽ የኢያቄምን እጅ ጨምድደው ያዙ። ልጁ ተርፎላቸዋል፤ ፍርሃቱ ግን ከላያቸው አልወረደም።

«አባይነህ፣ ውሸት ነው በላት! በላት እንጂ፣ ልጄ!»

አባይነህ ኮቱን አነሳ። እናቱን ቀና ብሎ አላየም። ከፖሊሱ ፊት ፊት እየሄደ ከቤቱ ወጣ።