መብራት በጠፋበት ቀን የገባው ቤዝ

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሮቢ ወንዝ ዳር ጅን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ «ጫቱን ቀነስ አድርገው» ብዬ የምሸኝ፣ ድምፅ ማጉያ ፈትቼ የምገጥም፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ ሞንታርቦ ከቁም ሳጥን በምን ይለያል ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ፣ ወይም ነበርኩ።

እኔና ሰይድ ሸዋ ሮቢት ውስጥ «ቆላ ቤዝ» በሚል ስም ሙዚቃ እንሠራ ነበር። ዘፋኝ የለንም፣ ሁሉም በላፕቶፕ ነው፣ ሃውስ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ከስሩ ደረት የሚነቀንቅ ቤዝ አለው፣ ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሲሰሙት «ወፍጮ ተከላችሁ እንዴ?» ብለውናል። እኔ ከበሮውን እሠራለሁ፣ ሰይድ ቤቱ ወስዶ ቤዙን ያስገባበታል፣ አንዳችን የሌላውን ድርሻ አንነካም። የሱ ቤዝ ታዲያ ሁልጊዜ ከከበሮዬ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው፣ ስነዘንዘው «ዳኜ፣ በዚህ ሙቀት ማን ይሮጣል?» ይለኛል። ያቺ መዘግየት እንዴት እንደምትናፍቀኝ ልነግራችሁ አልችልም።

በሙዚቃው መኖር ሲያቅተን ሰይድ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሄደ። ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ማዕበሉን ስማው፣ ቤዝ እኮ ነው» አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጠፋ። ጀልባ ሰጠመች የሚል ወሬ መጣ፣ ማን ማን እንደነበረባት ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ሲመለስ ቤዝ የሚያስገባበት አዲስ ከበሮ ሠርቼ አስቀመጥኩለት፣ ለማንም አላሰማሁትም።

እናቱ እትዬ ዘሃራ አላለቀሱም። በመጨረሻ ወንድማቸው ጋሼ ሁሴን «አስከሬን ባይኖርም የሙት ሰላት ይሰገድበት፣ እህቴም እርሟን ታውጣ» ብለው ቀን ቆረጡ። መተዳደሪያዬ ድንኳንና ሞንታርቦ ማከራየት ስለሆነ የሰይድን ድንኳን መትከል የኔ ዕጣ ሆነ። እጄ ሰርግ ለምዶ፣ ሐሳቤም ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ከድንኳኑ ጋር ትልቁን የቤዝ ሳጥን ጋሪው ላይ ጭኜው ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ሞንታርቦ ይዞ የሚመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሼ ሁሴን «ምነው ዳኜ፣ ልታስጨፍረን ነው?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሳጥኑን ጥግ አስቀምጬ ጆንያ ጣል አደረግኩበት። የሳጥኑ የኤሌክትሪክ ገመድ ቤቴ ቀርቷል፣ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ሰዉ የከሰዓቱን የአስር ሰላት ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ለሰይድ ሊሰገድ ነው፣ ሙቀቱ አፍ አስይዞናል። መጀመሪያ ትሪው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች መንጫጫት ጀመሩ፣ የደሴ መኪና እያለፈ ነው ብዬ ተውኩት። መኪናው ግን አያልፍም። ቀጥሎ ጆንያው እርግብግብ ሲል አየሁ፣ ጠጋ ስል መሬቱ ከጫማዬ ስር ይመታል፣ ከዚያ ምቱ ደረቴ ውስጥ ገባ። ሳላስበው ከበሮውን በልቤ መምታት ጀመርኩ፣ ያንን ማንም ያልሰማውን አዲሱን፣ እመኑኝ፣ ልክክ አለ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ።

እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው መጡ፣ ጆንያውን ገፈፉና መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። ይህን ድምፅ ስንት ዓመት ከግድግዳ ማዶ ሲሰሙት ኖረዋል።

«ይሄ ልጅ፣ ቀስ አድርገው ስለው አይሰማም» አሉ፣ እንደ ድሮው ቆጣ ብለው።

ወዲያው ድምፁ ጠፋ።

«መኪና ነው» አሉ ጋሼ ሁሴን። መንገዱ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

«ልጄ ላይ አይሰገድም፣ ሁሴን። ዳኜ፣ ድንኳንህን ንቀልልኝ።»

ጋሼ ሁሴን እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «አንተ የድምፅ ሰው ነህ። በአላህ፣ እውነቱን ንገራት፣ ዕድሜዋን ሙሉ በር በር ስታይ እንዳትኖር።»

ሁሉም ያየኛል። «አላውቅም ጋሼ» አልኩና ካስማ መንቀል ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ያልተናገርኩትን ለናንተ ልንገራችሁ። ሰይድ ዘፈን ሊጨርስ ሲል መጀመሪያ ቤዙን ድንገት ያወጣዋል፣ ከበሮዬ ብቻውን ትንሽ ሄዶ ያበቃል። ግን ዘፈኑ መሀል ላይም እንደዚሁ ያወጣዋል፣ ሰው እስኪናፍቀው ይጠብቅና ይመልሰዋል። አወጣጡ አንድ ነው፣ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲመለስ ወይም ሳይመለስ ሲቀር ብቻ ነው።

እትዬ ዘሃራ አሁንም በደጃቸው ሳልፍ ያስቆሙኛል። «ይመለሳል አይደል?» ይሉኛል። «ይመለሳል» እላቸዋለሁ፣ መንገዴንም እቀጥላለሁ፣ ከበሮው ብቻውን በጭንቅላቴ ውስጥ እየመታ።