የቀይዋ መኪና መሪ

እንድሪያስ ዙሪክ አጠገብ፣ ረገንስዶርፍ ባለው ጋራዡ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ክሪኩ ተንሸራቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያድሳት የኖረችው ቀይ መኪና ደረቱ ላይ አርፋበታለች። የጎድን አጥንቶቹ ተሰባብረው፣ ከአፍና ከአፍንጫው የወጣው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። ላየው ሁሉ የሥራ አደጋ ነው። የፖሊስ ሐኪሙ ሬሳውን ሲያገላብጠው ግን ማጅራቱ በመዶሻ ተፈርክሷል። ሰውየው የሞተው ቅዳሜ ነው፤ መኪናዋ የወደቀችበት ከሞተ በኋላ ነበር።

መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚፈተለኩበት የድራግ ውድድር አሮጊት ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ የኋላ ጎማዋ የሰው ወገብ የሚደርስ። የጄኔቫው ፍቅርተማርያም «በተማሪነቴ ጀርመን አገር የነዳኋት እኔ ነኝ» እያለ ስደተኛውን ሁሉ በወሬዋ ሲያደነቁር ኖሯል። ጡረታ የወጣው እንድሪያስ በዚሁ ወሬ ልቡ ተሰርቆ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ፈልገው ፈልገው አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ አገኟት። የጎደላት የጥንቱ መሪዋ ብቻ ነበር።

ምርመራው የውቢት ሆነ። ክሎተን ከተማ ያደገችው ይህች የዙሪክ ፖሊስ ባልደረባ ለማዘን አማርኛ፣ ለመመርመር ጀርመንኛ ይቀናታል። አለቆቿ ግን ገዳዩን ይዘናል ብለው ፋይሉን ሊዘጉት ቸኩለዋል። የያዙት ቀለም ቀቢውን ሙጃሂድን ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት አገሩን ጥሎ የወጣው ይህ ሰው የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ዓርብ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ጎረቤት ሰምቶታል፤ እሁድ ጠዋት ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ከተፈረደበት ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው ውቢት።

«መቀመጫው። ግራና ቀኙን ቆርጠህ አስፋው አለኝ። የጥንት ዕቃ እንዲህ አይበላሽም ብዬ እምቢ አልኩ። ተጯጯህን፣ ከዚያ አብረን ሻይ ጠጣን።»

«ለምን ይሰፋል?»

«አልነገረኝም። እሱ እንደሆን ቀጫጫ ነው፤ ልክክ ብሎ ይገባበታል። እህቴ፣ አንድ ነገር ስሚኝ። ዓርብ ስወጣ መኪናዋ መሪ አልነበራትም። እሁድ ስገባ አላት። ለፖሊሶቹ ስነግራቸው ሳቁብኝ።»

ውቢት አልሳቀችም። መሪው ላይ የማንም አሻራ አልተገኘም፤ የእንድሪያስ እንኳ የለም። ጋራዡ ወዲያው ስለታሸገ፣ መሪው መገኘቱን ከፖሊስና ከሙጃሂድ በቀር የሚያውቅ ሰው ሊኖር አይገባም።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደች። የሟቹ ሚስት ዲቦራ ፊቷን ነጭታ ደም አድርጋዋለች።

«ያቺ ብረት ጣውንቴ ነበረች» አለች። «ቅዳሜ እኔ ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ስውል እሱ እሷ ጋ ዋለ። መሪ፣ መሪ እንዳለ ሳያገኘው ሞተ። ገዳዩን ይዛችሁታል፤ ከእኔ ምን ቀራችሁ?»

«እትዬ ዲቦራ፣ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

ይህን ስትል ፍቅርተማርያም ከጄኔቫ ደረሰ። ቁመቱ በሩን፣ ትከሻው መቃኑን የሚሞላ ሰው ነው። እንደ ወጉ ከደጅ ጀምሮ ደረቱን እየደቃ ገባ፤ ሙሾውንም አወረደው፦

«ወንድሜ እንድሪያስ፣ ምነው ሞት ቸኮለ፣
ገና መሪዋን እንደ ጨበጠ ክንድህ እንዴት ዛለ?»

ቤቱ በልቅሶ ተናጋ። ውቢትም አለቀሰች፤ ጆሮዋ ግን ሥራውን አልተወም።

ለቅሶው በረድ ሲል ጠጋ አለችው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሰፈር፣ ቤቴ። ጉንፋን ጥሎኝ።»

«መሪውስ?»

«ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ሳላገኝለት መቅረቴ ነው የሚቆጨኝ።»

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙጃሂድ እጁ በካቴና ታስሮ ቆመ። ዲቦራ ልትተፋበት ስትል ውቢት ያዘቻትና መኪናዋ ላይ የተጣለውን ሸራ ገፈፈችው።

«መሪው!» አለች ዲቦራ።

«ቅዳሜ ተገጠመ» አለች ውቢት። «ከዚያ አንድ ሰው ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። ሙጃሂድ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አሻራው ሁሉም ቦታ ቢገኝ ማን ይጠረጥረዋል? መጥረግ ያስፈለገው ቅዳሜ እዚህ አልነበርኩም ለሚል ሰው ነው። እትዬ ዲቦራ ባሏ መሪውን ሳያገኝ የሞተ ነበር የመሰላት። ጋሼ ፍቅርተማርያም፣ እርስዎም አላገኘሁም ብለውኛል። ታዲያ መሪዋን እንደ ጨበጠ ብለው ያለቀሱት ከየት አምጥተው ነው?»

«የሙሾ ነገር፣ አፍ ያመጣው ነው።»

«ይሁን። እስቲ የነዷት መኪና ናት፣ ይግቡና ይቀመጡ።»

ሰውየው ከቦታው አልነቃነቅ አለ። የመቀመጫው ብረት ለልጅ የተሠራ ይመስል ጠባብ ነው፤ የእሱ ጭን ቀርቶ ግማሹም አይገባበት፤ ሥጋው በተማሪነቱ ቢያንስ እንኳ አጥንቱ አይገባበትም። የሁሉም ዓይን ከመቀመጫው ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ መቀመጫው ሄደ። ድንገት ከጠረጴዛው የብረት ዘንግ አንሥቶ ወደ ውቢት ጭንቅላት ሰነዘረ። ዘንጉ ትከሻዋን ላጥ አድርጎት አለፈ። ሁለት ፖሊሶች ዘለው ከሲሚንቶው ጋር አላተሙት፤ አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ አገጩ ላይ ወረደ።

«ሳቀብኝ» አለ መሬት ላይ እንዳለ። «መሪውን አምጥቼለት፣ ገጥሞት፣ ጨብጦት... በል አንተ ግባ አለኝ። ሞከርኩ፣ አልገባ አለኝ። ግዴለም ይሰፋል አለኝ፣ እየሳቀ። የኖርኩበት ስሜ በዚያ ሳቅ ሲሄድ ታየኝ። ዞር ሲል መታሁት።»

ሙጃሂድ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቆርጠህ አስፋው ያለኝ... ለእሳቸው ነበር?»

«ነድተዋት እንደማያውቁ ያውቅ ነበር፣ ጋሼ» አለች ውቢት። «ሰው ፊት እንዳያፍሩ መኪናዋን በልክዎ ሊቆርጥ ነበር።»

ፍቅርተማርያም ግንባሩን ሲሚንቶው ላይ ደፋ።

የሙጃሂድ ካቴና ተፈታ። ዲቦራ አጠገቡ ሄዳ ብረቱ ያቀላውን የእጁን አንጓ ያዘች። ስትረግመው የሰነበተችውን ሰው ቀና ብላ ለማየት አቃታት።

«ልጄ» አለችው፣ «ሬሳው ሲመለስልኝ ከሚሸከሙት አንዱ ሁንልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ሙጃሂድ።