ያልተፈተለው ባዘቶ

ጃጅታለች ብላችሁ ለምትስቁ ሁሉ... ይሄ የሆነ ነገር ነው።

ልጆቼ እንኳ በስልክ «ሕልም አይተሽ ነው» አሉኝ። ሕልም የሚታየው ተኝተው ነው። እኔ ዛሬ እሁድ፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከእንጦጦ ራጉኤል በእግሬ ወርጄ ነጠላዬን ሳላወልቅ ያየሁት ነው።

ፊደል አልቆጠርኩም። በስልኳ የምትጽፍልኝ ተከራዬ ሲፋን ናት። እሷም አይታለች። እኔን ካላመናችሁ እሷን ጠይቁ።

እህቴ የማርያምወርቅ ስትሞት አንድ ቅርጫት ባዘቶ ትታ ሄደች። ተባዝቶ፣ ለመፈተል የተሰናዳ ጥጥ። ልትሞት ስትል ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበችና...

«ይሄ ተፈትሎ ሲያልቅ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ለማንም አልተናገርኩም። ቅርጫቱን ግን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። መሞት አልፈልግም። ምን ያሳፍራል?

ሲፋን ኢንጅነር ናት። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዘነችልኝና በኤሌክትሪክ የሚሾር እንዝርት ልሥራልዎ አለች። ፍጥነቱን የምታዘው በቁጥር ነው። ኮረንቲው ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይለቀቃል፣ ይቋረጣል። ከመቶው እጅ ሠላሳው ብቻ ከተለቀቀ ሞተሩ ቀስ ይላል፤ የሚለቀቀው ሲበዛ ይፈጥናል። እንዲህ ብላ ስታስረዳኝ፣ መለቀቅና መቋረጡንማ ሰፈራችን ከድሮም ያውቀዋል አልኳት።

ዛሬ በሩን ስከፍት የእንዝርቱን ድምፅ ሰማሁ።

ሲፋን መሬት ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ትነካካለች።

ቅርጫቱ አጠገቧ...

ለሙከራ ጥጥ አጥታ አውርዳው ነው። ምን ታውቃለች? ባዘቶው እየተሳበ ይገባል። ከግማሽ በላይ ሄዷል።

«አጥፊው።»

«እማማ፣ ቁጥሩ ሠላሳ ላይ ነው። ግን...»

«ግን ምን?»

«አልታዘዝ አለኝ።»

ሠላሳ ከሆነ አንድ ወጥ ሆኖ መሾር ነበረበት። ይሄ ግን ይሾራል... ይቆማል... ፈትሉን ይጠቀልላል... ደግሞ ይሾራል።

እንደ ሰው እጅ።

ቁጥሩን ዜሮ አደረገችው።

ሾረ።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ሾረ።

ጎንበስ ብዬ ፈትሉን በጣቴ ነካሁት። ክሩ የከረረው ወደ ግራ ነው።

«ይሄ ሞተርሽ ወደ ግራ ይዞራል?»

«አይችልም እማማ...» አለች በሹክሹክታ። «እኔ የሠራሁት ወደ ቀኝ ብቻ እንዲዞር ነው።»

በቤታችን ወደ ግራ የምትፈትል አንዲት ግራኝ ነበረች። የእሷና የእኔ ፈትል በተቀላቀለ ቁጥር ሸማኔው ሁለታችንንም ይሰድበን ነበር።

ከቅርጫቱ የቀረችውን አንድ ጭብጥ ባዘቶ ነጥቄ ያዝኳት።

ያኔ እንዝርቱ ቆመ።

ይኸው እስካሁን ጨብጫታለሁ። ከጭብጤ የወጣችው ክር እዚያ እንዝርቱ ጫፍ ላይ ነች። በመቀስ ብንላት አልቆረጥ አለች። ፀጉር የምታህል ክር!

አሁን ይሄን ስናገር ክሯ ረገብ አለች...

ደግሞ ተወጠረች።

በጉልበት አይደለም የምትስበኝ። ቀስ ብላ ነው፣ እየተለማመጠች። ልጆች ሳለን የማርያምወርቅ ቀሚሴን ይዛ «ነይ እንሂድ» ስትለኝ እንደምትስበው።

ጭብጤ እየቀለለ ነው።

ሲፋን፣ አታልቅሺ። ስልኩን አስቀምጪና ሽሮ ሜዳ ሮጠሽ ጥጥ አምጪልኝ። ብዙ ጥጥ። ይቺ ሳታልቅ እቀጥልባታለሁ።

በሩን ግን እንዳትዘጊው። ከእሷ ጋር ብቻዬን አትዝጊብኝ።